ወርቅ የለበሰ የገብስ ጢም

በሲናና ገጠር ሰዎች በገብስ ዘር ሲከራከሩ የሚዳኘው የአኮ ጁሀራ የታች ከንፈር ነበር። ዛላ ያመጡላታል። ከዛላው አንዲት ጢም ትነቅላለች፣ ጫፏን በሁለት ጣቷ ትይዛለች፣ ከንፈሯ ላይ አስደግፋ ትስባታለች። ከነከሰቻት ጥርስ አላት፤ ሳትነክሳት ካለፈች ሉጫ ናት። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። አኮ ማለት በአገሩ አያት ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ይላታል፣ የሚፈሯትም የሚወዷትም። ፊደል አልቆጠረችም። የቆጠሩትን ግን በደንብ ታዝባለች።

ሉጫ የራሷ ገብስ ናት። ከገሰራ ስትዳር እናቷ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ የሰጠቻት ዘር ነው። ጢሙ ለስላሳ ስለሆነ ገለባው የከብት አፍ አያቆስልም። ሣር በሚጠፋበት ወር የሌላው ሰው በሬ ምላሱ ደምቶ ገለባ ሲሸሽ የሷ በሬዎች ተኝተው ያመሰኳሉ። አሁን ግን አገሩ ሁሉ ስንዴ ሆኗል። የልማት ሠራተኛው በየአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ምርጥ ዘር፣ ምርጥ ዘር ይላል፤ ከሮቤ እስከ ጎሮ የመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴ ነው። ሉጫ የቀረችው በጁሀራ ጓሮ ብቻ ነው። እሷ ስትሞት ልጆቿ አርባዋን እንኳ ሳይጠብቁ ስንዴ እንደሚዘሩበት ታውቃለች። ሞቱ ብዙም አያስጨንቃትም፣ የመጣ ይምጣ። ገብሷ አብሯት መቀበሩን ግን ልትውጠው አልቻለችም።

ሳቢሪን የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት፣ በልጉ፣ እነሱ ጋና የሚሉት ሰብል፣ ሊታጨድ ሲል። የሮቤ ባለሱቅ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በገብስ ጢም ላይ ነው። ጁሀራ ይህንን ስትሰማ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትምህርት ትንሽ ክብር ሰጠችው።

«አካም ቡልተን፣ አኮ?» አለች ሳቢሪን፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ። ምን ፈልገሽ ነው ይህን የመሰለ ጫማ ጭቃ ያበላሽው?»

«ሉጫን ፈልጌ ነው። በእኛ መዝገብ እንዲህ ያለ ገብስ የለም። በእውነት ራሱን የቻለ ዘር ከሆነ ስሙም፣ አገሩም፣ የጠበቀው ሰው ስምም ተጽፎ ዘር ማከማቻ ይገባል። ለገበሬውም ይባዛል።»

«ካልሆነስ?»

«ድብልቅ ከሆነ ያው ድብልቅ ተብሎ ይቀራል።»

ከአጥሩ ወዲያ ወለተኢየሱስ ብቅ አለች። አባቷ ከሸዋ መጥቶ የሰፈረ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያረጀች፣ ከጁሀራ ጋር አርባ ዓመት የተጎራበተችና አርባ ዓመት የተሰዳደበች ሴት ናት።

«ልጄ፣ አታልፊ» አለቻት ሳቢሪንን። «ገብሱ እንደ ማንም ገብስ ነው። ወሬው ነው ሉጫ።»

«ወለቴ፣ አንቺ ገብስና ጤፍ ስትለዪ ያኔ ተናገሪ» አለች ጁሀራ፣ ዞር ብላም አላየቻት።

ሳቢሪን ማሳው ውስጥ ገባች። ሳትመርጥ፣ እጇ ወደደረሰበት እየሰደደች፣ አሥር ዛላ ቆርጣ በአሥር ፖስታ ከተተች፤ በየፖስታው ላይም ቁጥር ጻፈች። ጁሀራ ፊቷ ጠቆረ።

«በሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ዓይን ጨፍኖ ይለቀማል? እኔ ልምረጥልሽ።»

«እርስዎ የመረጡትን ብወስድ የማየው ምርጫዎን ነው፣ አኮ። እኔ የምፈልገው ማሳውን ነው።»

ጁሀራ ወደ ቤቷ ዞረች። ወለተኢየሱስም ይህን ከአጥሩ ላይ ሆና አየች፤ ጁሀራ ከክርክር ስትሸሽ ማየት በዓመት አንዴም አይገኝም።

ጁሀራ ማሳው ሳይመረጥ እንዲታይ ያልፈለገችበት ምክንያት ነበራት። ከሦስት ዓመት በፊት ገብሱ ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከሌላው ገበሬ ከለሚ ማሳ የወጣውን ኮምባይነር መንገድ ላይ ቆማ አስቆመችው። ለሚ የሚዘራው ጥርሳሙን ገብስ ነው። ኮምባይነር ደግሞ ከአንዱ ማሳ ወጥቶ ሌላው ሲገባ የፊተኛው ሰው እህል ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጆንያ ለድስት ይለያል እንጂ ለዘር አይነካም። ይህንን ለአገሩ ያስተማረች፣ ያልሰማትንም ጎሮ ገበያ መሀል ያዋረደች ጁሀራ ራሷ ናት። ያን ቀን ግን የመጀመሪያው ጆንያ እንደሞላ ዝናቡ ወረደ። የቀረው ገብስ ማሳው ላይ ታሽቶ በቀለ። በደረቁ የተረፈው ያ ጆንያ ብቻ ነበር። ጎትታ አስገባችው፤ በዓመቱ ዘራችው። ሰው ሲጠይቃት የአምና ዘር ነበረኝ አለች። ጥቂት ፍሬ ቢገባ ነው፣ ብላ ራሷንም አታለለች። ከዚያ ወዲህ ኮምባይነር አላስገባችም፤ በማጭድ ታጭዳለች፣ የዘሩን ነዶም ሳትወቃ ቆጥ ላይ ትሰቅላለች።

ሳቢሪን በሁለተኛው ወር ተመለሰች። ላፕቶፕ ይዛለች፣ በትልልቅ ወረቀት የታተሙ ፎቶዎችም ይዛለች። ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ቆዳ ተነጠፈ። ወለተኢየሱስ ሳትጠራ መጥታ ተቀመጠች።

«ከጢሙ ግማሹን አዳማ ወሰድኩት፣ ግማሹ ፖስታው ውስጥ አለ» አለች ሳቢሪን። «እዚያ ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚባል ማሽን አለ። መጀመሪያ ጢሙ ስስ ወርቅ ይቀባል።»

«ምን ይቀባል?»

«ወርቅ፣ አኮ።»

ጁሀራ ባዶ ጣቷን አየች። «እኔ ከሰርጌ ወዲህ ወርቅ አልነካኝም። ገብሴ አዳማ ሄዶ ወርቅ ለበሰ።»

«መልሰው ሰጡሽ?» አለች ወለተኢየሱስ።

«ዝም በይ። ቀጥይ፣ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ።»

ሳቢሪን የመጀመሪያውን ፎቶ አነጠፈች። ጥቁርና ነጭ ነው። ጁሀራ ጎንበስ አለችበት፤ ከዚያ ይበልጥ ጎነበሰች። ያየችው ጢም አይመስልም፤ ከሰነቴ ተራራ አናት ወደ ታች የታየ የታረሰ አገር ነው። ትልሙ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በትልሞቹ መካከል የተሰለፉ፣ እንደ ተከደነ ዓይን ያሉ ስንጥቆች አሉ።

«በነዚህ ነው የሚተነፍሰው» አለች ሳቢሪን። «ይቺ ከታች ያለችው ነጭ መስመር መለኪያ ናት፤ በእውኑ ርዝመቷ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል።»

ጁሀራ በጣቷ ትልሙን ተከተለች። ስልሳ ዓመት በእጇ ያለፈ ነገር ነው፤ አንድም ቀን አላየችውም። «የኔ ሰውዬ፣ አላህ ይማረውና፣ ሲያርስ እንዲህ አቅንቶ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ማን ነው ያረሰው ይሄንን?» መልሱን ራሷ ታውቀዋለች። «ሱብሃን አላህ» አለች። ወለተኢየሱስም ሳይታወቃት አማተበች።

«ለምንድነው ቀለም የሌለው?» ጠየቀች ጁሀራ።

«በብርሃን ስለማያይ ነው። ኤሌክትሮን የሚባል፣ ከሁሉ ነገር ያነሰ ቅንጣት ይልክበታል፤ ገብሱን መትቶ የሚመለሰውን ይለቅማል። ጉብ ያለውንም፣ ጎድጎድ ያለውንም በዚያ ነው የሚያውቀው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር በመስመር ይሄድበታል።»

ጁሀራ ቀና አለች። «ታዲያ ዳብሶ ነው እንጂ መች አየ።»

ሳቢሪን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «እንዲያ ሊባል ይችላል፣ አኮ።»

«እንግዲያ እንደኔ ነው። ዳባሽ ነው።» ከዚያ ወዲያ ማሽኑን በሌላ ስም አልጠራችውም።

ሁለተኛው ፎቶ ተነጠፈ። ትልሙ ያው ነው፤ በትልሙ ላይ ግን ሁሉም ወደ ጢሙ ጫፍ ያጋደሉ፣ ሥራቸው የሰፋ፣ አናታቸው የሾለ እሾሆች ቆመዋል። ክፋታቸውን ትቶ ላያቸው ሰው እነሱም ያምራሉ፤ አንጥረኛ ሌት ተቀን ቢቀጠቅጥ እንዲህ አያሾልም።

«ጥርሶቹ ናቸው» አለች ሳቢሪን። «ከመስታወት የሚሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ተክሉ መስታወት የሚሠራበትን ነገር ከአፈር ይስብና ጥርሱ ውስጥ ያጠራቅመዋል።»

«የበሬዬን ምላስ መስታወት ነው የሚቆርጠው በይኛ።» ጁሀራ ይህን ካለች በኋላ ነው የገባት። «ይሄ የማን ገብስ ነው?»

ሳቢሪን ወረቀቱን አየች እንጂ እሷን አላየቻትም። «የእርስዎ ነው። ከአሥሩ ሦስቱ ጥርስ አላቸው። አዝናለሁ፣ አኮ።»

ወለተኢየሱስ እንኳ አልሳቀችም።

«ቁጥራቸውን እንዳትነግሪኝ» አለች ጁሀራ። «ፖስታዎቹን ስጪኝ።»

ከየፖስታው ጢም እያወጣች በከንፈሯ ላይ ሳበች። አልቸኮለችም። ያለፈውን በቀኝ፣ የነከሰውን በግራ አስቀመጠች። ስትጨርስ በስተግራ አራት ፖስታ ነበር።

ሳቢሪን ቁጥሮቹን አየች። «ሦስቱ ልክ ናቸው። ስምንት ቁጥር ግን ሉጫ ነው፣ አኮ። ማሽኑ ጥርስ አላገኘበትም።»

«ዳባሹን ስምንትን እንደገና ዳብስ በይው።»

«አሁን እዚህ የለም እኮ።»

«ፎቶውስ የለም? ያልተማርኩት እኔ፣ ማየት የከበደሽ አንቺ።»

ሳቢሪን ላፕቶፑን ከፍታ የስምንትን ፎቶ አሰፋች፤ ወደ ቀኝ ገፋች፣ ወደ ግራ ገፋች። ጥጉ ላይ፣ ምስሉ ሊቆረጥ ሲል፣ አንዲት ሹል ነጭ ነገር ወጣ ብላለች። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አቧራ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጥርስ ናት። ጢሙ ወደ ጫፉ ሲደርስ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ያነሳሁት ከመሀሉ ነው።» ከዚያም የሽማግሌ እጅ እንደሚሳም የጁሀራን እጅ ስማ ግንባሯን አስነካችው። «ይህን ስህተት ይዤ ወረቀት ልጽፍ ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጁሀራ ይህንን ወሬ ገሰራ ድረስ ታደርሰው ነበር። ዛሬ ግን ከንፈሯ በረታባት እንጂ አልጠቀማትም፤ ከአሥር ሦስት የነበረው አራት ሆነ።

ሳቢሪን ቅጽ አወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥርሳሙ ከጥንትም አብሮ የነበረ ከሆነ ሉጫ የሚባል ዘር የለም፣ ገብሱ ድሮም ድብልቅ ነው ማለት ነው። ኋላ የገባ ከሆነ ግን ሉጫ አለች፤ ትለያለች። ከሌላ ገብስ ጋር ተቀላቅሎ ያውቃል?»

«ወላሂ...» አለች ጁሀራ፣ እንደ ልማዷ።

ቃሉ እዚያው ቆመ። ለገበያ ዋጋም፣ ለጎረቤት ሙግትም በቀን አሥር ጊዜ የምትምለው መሐላ ነው። አሁን አልወጣም አለ። ፊቷ ያለው ፎቶ ትልሙን እንዳቀና ነው። አንዲት ጥርስ እንኳ ከወረቀት ጥግ የሚለቅም ነገር ባለበት ዓለም እሷ ጆንያ ሙሉ ልትደብቅ ነው። እናቷ ሻሽ ላይ የቋጠረችው ዘር ድሮም ድብልቅ ነበር ተብሎ ሊጻፍ ነው፣ የእሷ ስም እንዳይነሳ።

«ከሦስት ዓመት በፊት የኮምባይነሩን የመጀመሪያ ጆንያ ዘራሁት» አለች። «የለሚ ገብስ ሆዱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አውቄ ነው የዘራሁት። ለሰው የአምና ዘር ነው አልኩ። ውሸቴን ነው።»

ይህንን ስትል ወለተኢየሱስን አላየችም። ወለተኢየሱስ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

«በዝናብ ስትጎትቺው አይቼሻለሁ» አለች።

«ምን?»

«ጆንያውን። አጥሩ ጋ ሆኜ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«መቼ አስወርተሽኝ ነው የምናገረው?»

ሳቢሪን እስክሪብቶዋን አነሳች። «ልጻፈው፣ አኮ?»

«ታዲያ ለምን የነገርኩሽ መሰለሽ? ጻፊው። ስሜንም አብረሽ ጻፊው፣ ከነጥፋቴ። የእናቴን ገብስ ንጹሕ ነበር በይ፤ ያበላሸችው ልጇ ናት በይ።»

ሳቢሪን ጻፈች። ከዚያ ነገረቻቸው፤ ለሚቀጥለው ጋና አንድ ሺህ የተለየ ዛላ ብቻ ቢዘራ፣ እሷ በዓመቱ መጥታ እንዲሁ ዓይኗን ጨፍና አሥር ብትቆርጥ፣ አሥሩም ንጹሕ ቢሆኑ ሉጫ መዝገብ ትገባለች። ይህን ሁሉ ወርቅ ቀብቶ መፈተሽ ግን አይቻልም፤ ማሽኑ በቀን የሚያየው ጥቂት ነው።

«ስንቱን ያያል?»

«ቢበዛ አሥር።»

«ሰነፍ ነው» አለች ጁሀራ፣ እንደ መቆጨት ብላ። ከፎቶዎቹ አንዱን ጠየቀች። ሳቢሪን ቆንጆውን፣ ትልሙ የቀናውን አቀበለቻት። ጁሀራ መለሰችላትና የስምንትን ፎቶ በወረቀት እንድታመጣላት አዘዘቻት፣ ጥጉ ላይ ጥርስ ያለችበትን። ሲመጣላት ከቆጡ ሥር፣ ነዶው በሚወርድበት ግድግዳ ላይ በሚስማር መታችው።

መስከረም ሲጠባ ነዶው ወረደ። ሁለቱ አሮጊቶች ደጅ ላይ ቆዳ አንጥፈው ዛላ በዛላ ይስቡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የሁለቱም ከንፈር አብጦ ቅቤ ተቀባ። የጁሀራ ክምር ይፈጥናል፤ ወለተኢየሱስ በአንዱ ዛላ ላይ ጸሎት የምታደርስ ይመስል ትቆያለች።

«ይቺን አላወቅኋትም» አለች አንዷን አንስታ።

«ከንፈርሽ ምን አለ?»

«የነከሰችኝ መሰለኝ።»

ጁሀራ ዛላውን ተቀብላ በራሷ ከንፈር ሳበችው። አልነከሳትም። ቀና ብላ በተከፈተው በር የስምንትን ፎቶ አየች፤ እንደገና፣ አሁን ከጫፉ ይዛ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ሳበችው።

«መሰለኝ ካልሽ በቃ» አለችና ለድስት ወደተለየው ክምር ወረወረችው።