የፎቶው ዳር

«ገመዱን ንቀይውና መልሰሽ ስኪው» አለ ሚናስ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

የውብዳር ነቅላ ሰካችው። ስክሪኑ ብልጭ አለና መልሶ ጠቆረ። ከማለዳ ጀምሮ ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ጠባዩ ግን አያድርስ ነው። መጀመሪያ ምስል አልመጣም አለ፤ ምስሉ ሲመጣ ድምፁ ጠፋ፤ ድምፁ ሲገኝ ደግሞ መብራት ሄደና ሁሉም እንደገና ተጀመረ። ሰፈሩ ሀብታሞች የሚኖሩበት ሄሮን፣ ቤቱም ቪላ ቢሆን መብራት ሲሄድ ያው ይሄዳል።

ቪላው የሐጂ ሙጠሊብና የባለቤታቸው የሳብሪን ነው። ሁለቱም ድሬዳዋ ተወልደው ጅቡቲ ላይ በጨርቅ ንግድ የከበሩ ሰዎች ናቸው። አንዲቷ ልጃቸው ኢማን ነገ ባሏ ቤት ትገባለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሙሽራው ዘመዶች፣ ሴቶቹ ብቻ፣ ሊጠይቋት ስለሚመጡ የልጅነት ፎቶዎቿ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ በሙዚቃ ታጅበው እየተቀያየሩ እንዲታዩላቸው ፈልጋለች። ሚናስን የጠራችው የውብዳር ናት። አምቡሊ ሰፈር የሚኖር፣ በየቤቱ እየዞረ ዲሽና ኮምፒዩተር የሚተክል ያገሯ ሰው ነው።

የውብዳር የዚህ ቤት ሠራተኛ ናት። ኢማንን ከአራስ ቤት ጀምሮ አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አመላልሳ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሳብሪን ቀኑን ሙሉ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ባለው ሱቃቸው ትውል ነበር። ቤቱ የቆመው በዚያ ሱቅ ነውና ማንም አልወቀሳትም።

አሁን የኢማን ሻንጣዎች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ከመሀላቸው አንድ አሮጌ ቡናማ ሻንጣ አለ፤ እሱ የየውብዳር ነው። ኢማን «ያለ የውቤ አዲስ ቤት አልገባም» ብላ ስላለቀሰች አብራት ልትሄድ ተስማምታለች። በዚህ የተነሳ የገዛ ልጇን አስቀይማለች። ኮምቦልቻ ያለችው ኤሌኒ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ «እማ፣ ዘንድሮ እንኳ ለኔ ነይልኝ» ብላ በስልክ ለምናት ነበር። የውብዳር «ኢማንን ቤቷ ላስገባትና እመጣለሁ» አለቻት። ኤሌኒ ስልኩን ዘጋችባት። ከዚያ ወዲህ የውብዳር በደወለች ቁጥር ስልኩን የምታነሳው ኤሌኒን ያሳደገቻት አክስቷ አልጋነሽ ናት። «ተኝታለች» ትላለች ሁልጊዜ።

«ሳ ማርሽ» አለ ሚናስ በመጨረሻ፤ ሠራ ማለቱ ነው። ሙዚቃው ጀመረ፣ ፎቶው መጣ። ኢማን የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሮዝ ቀሚስ ለብሳ፣ ባሕር ዳር ቆማለች።

የውብዳር የሳህን ፎጣዋን እንደያዘች ቀረበች። ፎቶውን ታውቀዋለች። ትናንት ኢማን በትንሿ ኮምፒዩተሯ እያሳየቻት «አንቺ እኮ የሌለሽበት ፎቶ የለም» ብላ ትከሻዋ ላይ ጋደም ብላላት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች ስንት ዘመኗ ነው። በደስታ ስትንሳፈፍ ነው ያደረችው።

«እኔ የታለሁ?» አለች።

ሚናስ አልገባውም።

«እዚህ ጋ ቆሜ ነበር። ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጠጋ ብሎ ተመለከተ። በልጅቷ ትከሻ ላይ አንድ እጅ ብቻ አለ፤ ከአውራ ጣቱ ሥር የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት። የውብዳር ለኢማን ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት በተፈናጠቀባት ጊዜ የቀረ ጠባሳ ነው።

«ቴሌቪዥኑ የፎቶውን ዳር ዳር ይበላል» አላት። «ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ተደርጎ ነው። ሰው መሀል ላይ ስለሚቆም ብዙዎቹ አያስተውሉትም።»

«እኔ ዳር ነበርኩ።»

እውነት ነው። ሐጂ ካሜራቸውን ሲያነሱ «ልጅቷን ያዣት፣ አንቺ ግን ፈቀቅ በይ» ይሏት ነበር፤ እሷም ፈቀቅ ትላለች።

ሚናስ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ሌላ ቤት እየጠበቁት ነው። የውብዳር ሰው መለመን አትወድም፤ ዛሬ ግን ለመነችው። ተመልሶ ቁጭ አለና በሪሞቱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዱን ከፍቶ ሌላውን ሲዘጋ ቆየ። ድንገት ፎቶው ከአራቱም በኩል ሰብሰብ አለና የውብዳር ከነሻሿ ገባች። ቀጭን፣ ወጣት፣ ፀሐይ ዓይኗን የወጋት። ቀጣዩ ፎቶ ላይም አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ላይ። አፏን በፎጣው ሸፍና ሳቀች።

ሳብሪንና ኢማን የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ሳብሪን ቆማ ፎቶዎቹ ሲያልፉ አየች፤ ፊቷን አዙራ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። ኢማን የእናቷን ጀርባ ስትመለከት ቆየችና ወደ ሚናስ ዞራ በፈረንሳይኛ ዝግ ብላ ተናገረች። ለምን በፈረንሳይኛ እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ፤ የውብዳር በዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራ ይህን ያህል አይጠፋትም። «እንደ ነበረው መልሰው» ነው ያለችው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች የውብዳር።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የውቤ። ግን ሁሉም ላይ አንቺ ነሽ፤ እማዬ አንዱም ላይ የለችም። አማቶቼ እናቷ የት ነበረች አይሉም? ለዛሬ ብቻ ነው። ነገ ከኔ ጋር አይደለሽ?»

ሚናስ ሪሞቱን እንደያዘ የውብዳርን አያት። «መልሰው» አለችው። መለሰው። ሒሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ እያጠበች ኤሌኒን አሰበች። ባለፈው አገሯ ስትገባ የዚህኑ ፎቶ አንድ ቅጂ ይዛላት ሄዳ ነበር። ከሰነበተች በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየችው፤ ኤሌኒ ኢማንን በመቀስ ቆርጣ አውጥታታለች። የውብዳር ብቻዋን ቆማለች፣ ከእጇ ሥር ቁራጭ ሮዝ ጨርቅ ቀርቶ። ያኔ «ምን አደረገችሽ፣ ሕፃን አይደለችም ወይ?» ብላ ተቆጥታት ነበር። አሁን ያ ቁጣዋ ራሷን አሳፈራት።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። ሳሎኑ በሽቶና በሐር ተሞላ። ኮምፒዩተሩ የጠዋቱን ያህል አላስቸገረም፤ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ እያለፉ ሴቶቹ ማሻአላህ ይላሉ። የውብዳር ጭማቂ እያዞረች የሙሽራው ትልቅ አክስት ጀዋሪያ ጋ ስትደርስ የባሕር ዳሩ ፎቶ መጣ።

«ይቺ እጅ የማን ናት?» አለች ጀዋሪያ።

ሳብሪን ሒና የተቀባ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ኢማን እናቷን አየች፣ የውብዳርን አየች።

«የእማዬ ናት» አለች።

«አላህ ይጠብቅልሽ፤ እናት እንዲህ ናት» አለች ጀዋሪያ፤ ብርጭቆውንም ከዚያችው እጅ ቀና ብላ ሳታይ ተቀበለች።

የውብዳር እስከ መጨረሻዋ እንግዳ ድረስ አዳረሰች፣ ትሪውን ወጥ ቤት አስቀመጠች፣ እጇን አደራረቀችና በረንዳው ላይ ወጣች። ሁለት የኢማን ሻንጣዎችን አንስታ ከሥራቸው ቡናማውን ጎትታ አወጣች። ከዚያ ኮምቦልቻ ደወለች።

«ተኝታለች» አለች አልጋነሽ።

«አትቀስቅሻት። እናትሽ መጣሁ ብላለች በያት።»

«ሠርጉስ?»

«ያልቃል።»

ስልኩን ሳትዘጋ ከሳሎን የኢማን ድምፅ መጣ፤ ጭማቂ ጨምሪልን ነው። «የውቤ» ብላ ተጣራች፣ ደግማም ተጣራች። የውብዳር ሻንጣዋን አንስታ በጓሮ በር በኩል ወደ መንገዱ ወጣች። አቤት አላለችም።