ኢቢሴ ያስተማረችው ማሽን

ዘነቡን ነፍሰ ጡር ሳለች ከሥራ ያስወጣት ሱፐርቫይዘራቸው ግሬግ ነበር። «ማሽን አያረግዝም» ብሎ ሲስቅ ጓደኛዋ ኢቢሴ አጠገቡ ቆማ ሰምታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂም ያዘችበት።

ፍሪድሊ ከተማ ያለው ፋብሪካቸው ለልብ ሕሙማን የሚገጠም መሣሪያ ሽቦ ይሠራል። የኢቢሴ ሥራ የተበየደውን ሽቦ በማይክሮስኮፕ እያዩ ደህናውን ከብልሹው መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ግሬግ ካሜራ የተገጠመለት ኮምፒውተር አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ።

«አስተምሪው» አላት። «ደህና ከሆነ አረንጓዴውን፣ ብልሹ ከሆነ ቀዩን ተጫኚ። ሲለምድ እንዳንቺ ያስባል።»

«ከለመደ በኋላ እኔስ?»

«አንቺ ትሬይን አድርጊው፤ ሌላውን ኋላ እናየዋለን።»

ማሽኑ ሥራዋን ሊወስድ እንደመጣ ገባት። ብልሹውን ደህና ብትለው ሰው ይሞታል፤ ያንን አልደፈረችም። ስለዚህ ከደህናውም እንከን የሌለውን እየመረጠች ቀይ ትለው ጀመር። ቀዩን በተጫነች ቁጥር ደስ ይላት ነበር።

ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ጥሩ ጥሩውን ሽቦ እየለቀመ ጣለ። ኢቢሴ የግሬግን ውርደት ጠበቀች። ግሬግ ግን ማሽኑን አመነ። «ሰው ይዋሻል፤ ይሄ ምን ቂም አለው?» ብሎ ሽቦዋ በብዛት የተጣለባትን፣ ከበያጆቹ ሁሉ የተዋጣላትን ከድሪያን አባረራት።

ኢቢሴ ፓርኪንግ ላይ አገኘቻት። ከድሪያ እጆቿን እያገላበጠች ታያለች።

«እጄ መቼ ተበላሸ? ወይስ ዓይኔ ነው?»



በማግስቱ ግሬግ ማሽኑን ለፋብሪካው ባለቤቶች ሲያሳይ ኢቢሴ መሀላቸው ገባች።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አበላሽቼ ነው ያስተማርኩት» አለች።

ግሬግ ሳቀ። «አሁን ካንቺ በላይ ያውቃል።»

ማሽኑ ከጣለው አንድ ሽቦ አንስታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችና ቦታ ለቀቀች። አንዱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ አየ። ሌላ ሽቦ አስመጣ፣ ደግሞ አየ። የግሬግ ፊት ሲቀላ ኢቢሴ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ዘነቡን ታስታውሳለህ?» አለችው።

አላስታወሳትም።

ግሬግና ኢቢሴ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ፤ ከድሪያ ተጠርታ ተመለሰች። ኢቢሴ ሪችፊልድ ከተማ ወዳለው የከድሪያ አፓርትመንት ሄዳ የሠራችውን ሁሉ ነገረቻት። ከድሪያ በሩን እንደያዘች ሰማቻት።

«ማሽኑ እኔን አያውቀኝም» አለች። «ካንቺ የወሰደው ቂምሽን ብቻ ነው። አንቺ ግን የኔን ብየዳ ታውቂዋለሽ። ቀዩን ስትጫኚ ሽቦው የማን መስሎሽ ነው?»

የማን እንደሆነ ኢቢሴ ታውቅ ነበር። ከድሪያም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ኢቢሴ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በሠራችው አፍራለች። ለግሬግ ያላት ጥላቻ ግን ቅንጣት አልቀነሰም።