ለካባው የሠራሁት ካሬ

የባሌ የኢስኮ ጀልባ በወጣ ማግስት ነፋሱ ተነሳ። አብሮት ታናሽ ወንድሙ ሬሚ ነበር። ሌሎቹ ጀልባዎች እንዳይገለበጡ በጎንና በጎን የሚደግፋቸው የቀርከሃ ክንፍ ተሰብሮም ቢሆን ተራ በተራ ገቡ፤ የኛ ቀረ። ሊፈልጉ የወጡትም ነዳጅ አለቀብን ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዓይኔን ላለማየት ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ወደ ናና ኡርሱላ ቤት ሄድኩ።

በመንደራችን ባሏ ባሕር የሚወጣ ሴት ሁሉ በየዓመቱ ለእመቤታችን አንድ ካሬ በኪሮሽ ትሠራለች። ካሬዎቹ ተገጣጥመው ካባ ይሆናሉ፤ በበዓሏ ቀን የተቀረጸው ምስሏ ካባውን ለብሳ በጀልባ ባሕሩን ትዞራለች። የቤታችንን ካሬ እስከ አምና የምትሠራው አማቴ ነበረች፤ እሷም በዝናቡ ወራት ሞተች። እኔ የመረብ ሠሪ ልጅ ነኝ። በእጄ የማውቀው መርፌ ያንን የቀርከሃውን የመረብ መርፌ ብቻ ነው።

ናና ኡርሱላ ካሬዎቹን ሰብስባ የምትሰፋ ባልቴት ናት፤ ምላሷ ይለበልባል። ደጃፏ ላይ ቆሜ ስለቴን ነገርኳት። ካሬውን በገዛ እጄ ሠርቼ ለበዓሉ ላደርስ፣ እመቤታችንም ኢስኮን ልትመልስልኝ ተስያለሁ አልኳት። አንዷ ጎረቤት አዝናልኝ እኔ ልሥራላት ብትል ናና ገላመጠቻት። የሌላ እጅ ከገባበት ስለቱ የሴሊንግ መሆኑ ይቀራል አለች። ሴሊንግ እኔ ነኝ። ከዚያ መርፌና ነጭ ክር አስጨብጣኝ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ከመሃል ትጀምሪያለሽ፤ ክሩን ትንሽ ቀለበት ታደርጊና ዙሪያውን ቀጥ ብለው የሚቆሙ የክር ዓምዶች ሦስት ሦስት እያደረግሽ ትተክያለሽ። ማዕዘን ጋ ስትደርሺ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሦስት ትጨምሪያለሽ፤ ካልጨመርሽ ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀርና ጎድጓዳ ይሆናል። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ክሩ በላብ ጠቆረ። አንዴ ማዕዘኑን እረሳለሁ፣ አንዴ ባልሆነ ቦታ ማዕዘን አወጣለሁ፤ ጆሮዬ ከባሕሩ በኩል የሞተር ድምፅ ይፈልጋል። ጎረቤቶች ሩዝ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። አንዷ ኢስኮ ጥሩ ሰው ነበር ብትለኝ ከነሩዟ አስወጣኋት።

እንደምንም አንድ ካሬ ጨርሼ ለናና ሰጠኋት። በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው።

«ይሄ ለእመቤታችን ነው ወይስ ለሸርጣን ማጥመጃ?» አለችኝ።

ካሬው እንደ ቅርፊት ደርቆ ቆሟል። ምክንያቱን አውቃለሁ። እሷ ዞር ባለች ቁጥር እያንዳንዱን ሦስት ዓምድ ስጨርስ እንደ መረብ እቋጥረው ነበር። ናና ቋጠሮዎቹን በጥፍሯ እየነካካች ማን ቋጥሪ አለሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«ናና፣ መረብን ሻርክ ቢቦጭቀው አንዷ ዓይን ትሄዳለች እንጂ ሌላው ይቆያል፤ ሁሉም ለየራሱ ተቋጥሯላ። ይሄ ግን መርፌው ላይ ባለች አንዲት ቀለበት ነው ያለው። እሷ ካመለጠች ሁሉም ይተረተራል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ባሌን አላንጠለጥልም» አልኳት።

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። የተቋጠረ ካሬ ከሌሎቹ ጋር አይተኛም፣ ካባውን ይጨመድደዋል፣ ድገሚው አለችኝ። ልፈታው ሞከርኩ፤ የመረብ ሠሪ ልጅ የቋጠረው የት ይፈታል? በመጨረሻ መቀስ አነሳሁ። ለባሌ የተሳልኩትን በመቀስ ቆረጥኩት። ናና ፊቷን አዙራ ጠበቀችኝ።

ሁለተኛውን ያለ ቋጠሮ ጀመርኩ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መርፌውን ለደቂቃ እንኳ አላስቀምጥም፤ ውኃ ስጠጣ ያቺን ቀለበት በጣቴ ቆንጥጬ ነው። ግን ክሩ ቀስ በቀስ ለሰለሰልኝ። ማዕዘኖቹ መጡ። በበዓሉ ዋዜማ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስኩ፤ የሌሎቹ ካሬዎች ተሰፍተው የኔ ቦታ ብቻ ካባው ጫፍ ላይ ክፍት ነበር። ከእንግዲህ ይመጣል አልኩ። እኔ ሳደርስ እመቤታችንም ታደርሳለች።

የሞተር ድምፅ የሰማሁት የመጨረሻዋን ማዕዘን ስጨርስ ነው። መርፌውን እንደያዝኩ ሮጥኩ፤ ናና የክሩን ድቡልቡል ይዛ ከኋላዬ። የማዶ ደሴት ዓሣ አጥማጆች አንድ ሰው ደግፈው አወረዱ። ከንፈሩ በጨው ተላልጧል፣ ወገቡ ላይ ገመዱ ቆዳውን በልቶታል። ሬሚ ነበር። ከኋላው ሌላ ሰው እንዲወርድ ጠበቅሁ። ጀልባው ባዶ ነበር።

ሬሚ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ነገረኝ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ኢስኮ ወንድሙን ከቀርከሃው ክንፍ ጋር አስሮታል፤ በወገቡም በብብቱም ሥር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። ለራሱ ሲደርስ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ነበር።

«መቋጠር አቃተው፣ ማናዬ» አለኝ። ማና የሚለኝ የወንድሙ ሚስት ስለሆንኩ ነው። «እኔ ታስሬያለሁ፣ እጄ አይደርስለትም። ገመዱን አንድ ዙር ክንዱ ላይ ጠመጠመና ጫፉን ጨበጠው። ሲነጋ ገመዱ ብቻ ነበር።»

አንድ ዙር፣ አንድ ጫፍ፣ አንድ እጅ። መርፌዬ ላይ ያለችውን ቀለበት አየኋት። ብለቃት ሁሉም ነገር ትርትር ብሎ ያልቃል፤ ለመልቀቅም ዳድቶኝ ነበር። ናና ትከሻዬን ይዛ ወደ ቤቷ መለሰችኝ። ክሩን ቁረጪና በቀለበቷ አሳልፈሽ አጥብቂው፣ ሌላውን እኔ እሰፋለሁ አለችኝ።

ረዘም አድርጌ ቆረጥኩ። በቀለበቷ አሳለፍኩና ቋጠርኩ። ደግሜ ቋጠርኩ። ማንም ያልቋጠረለትን እየቋጠርኩለት ነበርና እጄን ማቆም አልቻልኩም፤ አባቴ ባስተማረኝ ቋጠሮ፣ አንዱን ባንዱ ላይ፣ ክሩ አልቆ ጣቴ የሚይዘው እስኪያጣ። ያቺ ቋጠሮ የምትጠላ ባልቴት ካሬውን እንዳይንሸራተትብኝ ይዛልኝ ቆየች። ሲያልቅ ከነቋጠሮው ወስዳ ባዶው ቦታ ላይ ሰፋችው።

በነጋታው እመቤታችን ካባዋን ለብሳ ጀልባ ላይ ወጣች። ጫፉ ላይ አንድ ጭብጥ ሩዝ የሚያህል ቋጠሮ ተንጠልጥሎ ካባውን ወደ አንድ ጎን ጎትቶታል። ሴቶቹ እየዘመሩ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ጀልባው በአጠገቤ ሲያልፍ ያንን ካባ ያዝኩና ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት።

«እኔ ስለቴን አስገብቻለሁ» አልኳት። «አንቺስ?»

ቀዛፊዎቹ ሲገፉ ካባው ከእጄ ወጣ። ቋጠሮው አልተፈታም።