አዲሱ ካንዴላ

«ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ግትር!» አሉ ጋሽ ጆሮ መርገጫውን በቀኝ እግራቸው ቁልቁል ደቁሰው። አሮጌዋ ሞተር ሳይክል አንዴ ትፍ አለችና ዝም አለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የምትመልስላቸው ይህንኑ ነው። አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል።

አግዳሚው ላይ ሦስት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። ሁለቱ የጋራዡ ሠራተኞች ጎማ የሚለጥፉ መስለው በጎን ያያሉ። ሽማግሌ ሲላብ ቁጭ ብሎ ማየት ለአንዳንድ ሰው ያለ ትኬት ሲኒማ ነው።

«አባባ፣ አንድ ሰዓት ቀረዎት!» አለ አማቻቸው ከቢሮው ደጃፍ፣ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ። የጮኸው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ አግዳሚውም እንዲሰማ ነው።

ውርርዱን ያመጣው እሱ ነው። ጋራዡ ድሮ የጋሽ ጆሮ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ለሁለቱ ለቀቁላቸውና ራሳቸው ሠራተኛ ሆነው ቀሩ። ሽማግሌው ጡረታ ይውጡ ሲባሉ አልሰማ ብለው ከርመዋል። እናም ዛሬ ጠዋት ይህቺ ሞተር እየተገፋች ስትገባ «እስከ ስድስት ሰዓት ካስነሷት ከዚህ ጋራዥ የሚነቀንቅዎት የለም። ካላስነሷት ግን ቱታውን አውልቀው ቤት ይቀመጡ። ቃል ቃል ነው!» አላቸው አማቻቸው በሰው ፊት። እሳቸው ስቀው እጁን መቱት። የሞተርን በሽታ ከመንገድ ማዶ በድምፅ ብቻ ይለዩ ስለነበር ነው ጆሮ የተባሉት። ታዲያ ምን ያስፈራቸዋል?

የሚያስፈራቸውስ ነበር። ያ ጆሮ ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም እንጂ። ቤት መቀመጥ ደግሞ ለእሳቸው በቁም መቀበር ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ ቤት የሚያናግራቸው ግድግዳው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህቺ ሞተር መነሳት አለባት፣ አለቀ።

ሞተሯ የመምህሩ ናት። መነጽር ያደረገ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ዝናብ ከመታት ወዲህ አልነሳ አለችኝ» ነው ያለው። ጋሽ ጆሮ በመጀመሪያ እሳት የሚያፈልቀውን ካንዴላ ፈቱ፤ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። «ልጄ፣ አዲስ ካንዴላ አምጪልኝ!» አሉ። ልጃቸው ከዕቃ ክፍሉ ይዛ መጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ሳያዩት አሰሩት፤ እሷ የሰጠቻቸውን መቼ አይተው ያውቃሉ! ረገጡ። እምቢ። ካንዴላውን መልሰው ፈተው፣ ከነሽቦው የሞተሩን ብረት አስነክተው ረገጡ። ሰማያዊ እሳት ብልጭ ብልጭ አለ።

«እሳት አለ» ብለው ለመምህሩ አሳዩት። «ካንዴላው ደህና ነው ማለት ነው። እሳቱ ያለሰዓቱ እየመጣ ይሆናል።»

ከዚያማ ያልገቡበት የለም። የእሳቱን ሰዓት የሚጠብቀውን ፑንቲና ከፈቱ፣ ጫፉን በወረቀት አጸዱ፣ ክፍተቱን ለኩ። ኮንደንሰሩን ቀየሩ። ቦቢናውን ከሌላ ሞተር ፈተው አምጥተው ሞከሩ። ቤንዚኑን ደፍተው በአዲስ ሞሉ። ሞተሯ ትፍ ብላ ዝም።

«ጋሼ፣ ኩርፊያ ይሆናል እኮ! እስቲ ይለማመጧት» አለ አንደኛው ጎማ ለጣፊ። አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ጆሮ ሳቁን አልሰሙም፤ የሚንቀጠቀጡትን ትከሻዎች ግን አዩ። ደማቸው ፈላ።

«እኔ አልቸኩልም፣ ቀስ ብለው ይሥሩ» አለ መምህሩ። ይህም ይበልጥ አናደዳቸው።

ለስድስት ሩብ ሲቀረው ሞተሯ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ማሰብ ጀመሩ። እሳቱ ውጭ ሲሞከር አለ። ካንዴላው ሲታሰር የለም። «የት ነው የምትገባው አንተ?» አሉት እሳቱን። ወዲያው ብድግ አሉ። ይህን በሽታ ያውቁታል። ፈጣሪው እሳቸው ናቸው!

ጉራ የሚያበዛ ሠራተኛ ሲመጣባቸው በአዲስ ካንዴላ ነጭ ሸክላ ላይ፣ ከጫፉ እስከ ብረቱ፣ በእርሳስ ቀጭን መስመር ያሰምሩበት ነበር። ውጭ ሲሞከር እሳቱ ይታያል፤ ሞተሩ ውስጥ ሲታመቅ ግን በእርሳሱ መስመር ሾልኮ ይጠፋል። ጉረኛው ቀኑን ሙሉ ሲዳክር ይውላል፤ አዲስ ዕቃ ማን ይጠረጥራል? ይህን ተንኮል ያሳዩት በዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነበር፤ ስቃ ስቃ ሆዷን ይዛ ነበር።

ካንዴላውን ፈተው ወደ ብርሃን አዞሩት። መስመሩ አለ። አማቻቸውን ሊጠረጥሩ ቃጥቷቸው ነበር፤ ግን እሱ ምስኪን ጎማ ከመሸጥ በቀር ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር የለም።

ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። ልጃቸው የሰንሰለት ካርቶኖች ትደረድራለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ካንዴላውን አፍንጫዋ ሥር ደግነው።

አየችው። አንገቷን ደፍታ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«ምን?»

እንደገና ተናገረች፤ ቀና አላለችም።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ! አፍሽን በጨርቅ ጠቅጥቀሽዋል?»

«የነርሷን ዳዶ አልኩህ!» ብላ ጮኸች። «ባለፈው ወር የሞተሯን የኋላ ጎማ ዳዶ ሳታጠብቅ ሰደሃታል፣ አባዬ! መብራቱ ጋ ሮጬ ባልደርስባት ዛሬ አፈር ውስጥ ነበረች! ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ የነካኸውን ሁሉ ከኋላህ እየዞርኩ የማጠብቀው እኔ ነኝ! እጅህ አቅም የለውም፣ ጆሮህ አይሰማም! በሰላም ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? በሰው ፊት ካላፈርክ አትተውም አልኩ፣ አደረግኩት!»

የጎማ ለጣፊዎቹ መዶሻ ቆመ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ከአፏ ወጥቷል። ጋሽ ጆሮ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። አግዳሚውንም አላመለጠውም። ጮክ በይ ያሏት ራሳቸው ናቸው።

አፈሩ፤ ከማፈራቸው ግን ንዴታቸው በለጠ። ተመልሰው መስመሩን በምራቃቸውና በቱታቸው እጅጌ ፈትገው አጠፉ፣ ካንዴላውን አሰሩ፣ ረገጡ። ሞተሯ በአንድ ርግጫ ተነሳች። አንዱ ሠራተኛ ማጨብጨብ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው።

አማቻቸው ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ሚስቱንም አየ። «እንግዲህ... ቃል ቃል ነው። ይቀጥሉ፣ አባባ» አለ።

«ቀጣይ!» አሉ ጋሽ ጆሮ ወደ አግዳሚው ዞረው።

ሃያ ዓመት ከእሳቸው ሌላ ሰው ሞተሩን አስነክቶ የማያውቀው ባለ ጢሙ ደንበኛ ብድግ አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ለካ ቀጠሮ ነበረብኝ! ነገ ብቅ እላለሁ» ብሎ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ሁለተኛው ሰበብ ለመፈለግ እንኳ አልደከመም፤ ተከተለው። ሦስተኛው ፍሬን ሊያሠራ የመጣ ነው፤ ትንሽ ተቁነጠነጠና እሱም ተነሳ። ሦስቱም መንገዱን ተሻግረው ማዶ ያለው ጋራዥ ሲገቡ ከዚህ ሆኖ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ትንሽ እንኳ ራቅ አላሉም!

መምህሩ ሞተሯን አጠፋት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ፣ ሽማግሌውን ላለማስቀየም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አይክፋሽና... አንዴ አንቺ ታይልኛለሽ? ልጆቼን ጭኜ ስለምሄድ ነው» አላት።

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ጋሽ ጆሮ ፊቱን ቀና አድርጎ የሚናገርን ሰው ከከንፈሩ ማንበብ ከለመዱ ቆይተዋል፤ ያላትን ሁሉ ለቀሙት።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷን ብቻ ታያለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መፍቻው አሁንም በእሳቸው እጅ ነው። ውርርዱን አሸንፈዋል፤ አልሰጥም ቢሉ የሚነጥቃቸው የለም። እሳቸው ግን እጀታውን በጨርቅ ጠረጉና መፍቻውን ዘረጉላት።

«እንኪ» አሉ። «ከኋላው ጎማ ጀምሪ።»