ወንፊት የለበሰው ከበሮ

…እና ይኸን አገሩ ጅጋ ተመልሶ ቢነግራቸው አያምኑትም፣ በግሽ ዓባይ ጠበል ቢምል፣ በገዛ ጢሙ ቢምል አያምኑትም ይላል ክንዱ በልቡ፣ ቡሬ ገበያ ዳር ባለች የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሁለት ከበሮ ፊት ተቀምጦ፣ ቆዳ የሌለው ከበሮ፣ በሬ ያልታረደለት፣ ጅራት አውጥቶ ግድግዳ የሚጠባ ከበሮ። እንደ ጥጃ። መብራት ነው አሉ የሚጠባው።

ተመስገን። ያ በሬ ጭንቅላቱን ረግጦት ቢሆን ይኸን መች ያይ ነበር፣ አውድማ ላይ፣ ተራራ የሚያህል በሬ፣ ጥላው ቋሪት ደርሶ የሚመለስ በሬ፣ የእጁን አንጓ ብቻ ረግጦ አለፈ፣ ወጌሻው አሸው፣ ዳነ፣ ግን ቆዳ ከበሮ በመታ ቁጥር እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ የሰርግ ከበሮ መቺ እጁ ከከዳው ምን ቀረው፣ ወሬ ብቻ፣ ወሬ ደግሞ ሰርግ ላይ ማን አጥቶ። ሰርካለም ግን ትኑር፣ የፍኖተ ሰላም የሰርግ ባንድ አለቃ፣ ሌላ መቺ ፈልጊ ሲሏት እምቢ ብላ እዚህ አመጣችው፣ ጋሽ ክንዱ፣ እጅዎ የሚችለውን እርስዎ ይምረጡ እኔ እገዛለሁ፣ ካቃተዎት ግን ሰርጉ ደርሷል፣ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አለችው። ይቅር ብሏታል።

የመጀመሪያው ከበሮ ፊቱ ጎማ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ጋድም አድርጎ እንደ መደብደብ፣ በትሩ ሲያርፍበት እስከ ክርኑ ይነዝረዋል፣ ድምፁስ፣ ቆርቆሮ ላይ የተበተነ በቆሎ፣ ደግሞ ዛሬ መትተኸው ነገ ይመልሳል፣ ተዝካሩ ተበልቶ ካበቃ በኋላ እንደሚደርስ ዘመድ፣ ፈጠን ሲሉበት ከሁለት ምት አንዱን ይውጣል፣ ገመዱ ከተነካ ጭራሽ ዲዳ። ብርድ ይዞት ይሆናል ብሎ ከበሮ መቺ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፣ ተሸክሞ ፀሐይ ላይ አወጣው፣ ይወጠር ብሎ፣ ባለ ሱቁ ገነነ ጫማው እየወለቀ ሮጠ፣ ጋሼ እባክዎ፣ ይኸ አይወጠርም፣ ይቀልጣል። የማይወጠር ከበሮ። አይ ዘመን። ሚስቱ ንግሥቴ በሩ ላይ፣ የጨው ቋጠሮዋን ታቅፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ትሳቅ፣ እሷም ትመስገን፣ መቺ ያደረገችው እሷ ናት፣ ከበሮ ባነሳ ቁጥር ወደ ጥጃ በረት እያባረረች፣ ልጆቹን አስለቀስክ ውጣልኝ፣ ዶሮዋ ዕንቁላሏን ጥላ በረረች ውጣልኝ፣ ዕድሜ ልኩን ለጥጃ ሲመታ ኖረ፣ ጥጃ እንደሆነ አያጨበጭብ።

ሁለተኛው ወንፊት ለብሷል፣ ጥቅጥቅ ያለ መረብ። ይኸን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ ይላል ገነነ፣ ሁለት ጥቁር ኩባያ ጆሮው ላይ ይደፋበታል፣ ክንዱ በትሩን ያሳርፋል፣ ድም፣ እመብርሃን፣ ድም፣ ሆድ ያለው ድምፅ፣ ወንፊቱ ምቱን ተቀብሎ በትሩን መልሶ ያቀብለዋል፣ እንደ ደግ ጎረቤት፣ ቀስ ሲል ቀስ፣ ሲቆጣ ቁጣ፣ አንዲት ምት አይሰርቅም፣ አንጓው የት ሄደ፣ አንጓ እንዳለውም ረሳ፣ ያች ድምፅ ናት፣ ቆዳው ጥሩ ፀሐይ የሞቀ ቀን የምትመጣው፣ ይደልቃል፣ ቡሬ ነቅሎ ወጥቶ እየጨፈረ ነው፣ ደንበጫ ድረስ ያላገቡ ሁሉ አግብተዋል፣ ያለቅሳል፣ ተመስገን፣ በሬውም ይመስገን፣ ጎማውም ይመስገን።

ይቆማል። ኩባያዎቹን ያወልቃል።

ማንም አያጨበጭብ። ሰርካለም ቆማ ታየዋለች፣ ገነነ ያየዋል። አለቀ በቃ። ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ምነው፣ አስጠላኋችሁ ይላል ክንዱ።

ድምፁ ጆሮዎ ውስጥ ብቻ ነው ጋሼ፣ ይላል ገነነ፣ እኛ የሰማነው ጠቅ ጠቅ ነው፣ በሰርጉ ጊዜ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ላይ ይሰካል።

ንግሥቴ የጨው ቋጠሮዋን አስቀምጣ ትመጣለች፣ አንጓውን ይዛ ትዳስሳለች፣ ታገላብጣለች፣ አላበጠም፣ ወደ ሰርካለም ዞር ስትል ከአፏ ያመልጣታል፣

አንቺ ልጅ፣ ይኸኛውን ግዢለት፣ ይዞት ቤት ይግባ፤ ከጥጃ ጋር የኖረው ይበቃዋል።