ያ ባዶ ጎል

«በደቡብ ጎንደር ዞን በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ያገባች በረኛ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ይኸው ስኳር እየመዘነችልሽ ነው» ትላለች ሂክማ።

የምትለው ወረታ ውስጥ፣ በአባቷ ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደግፋ ነው። ሰሚዋን አትመርጥም። ሳሙና ሊገዛ ለመጣውም፣ ባጃጁን አቁሞ ካርድ ለሚጠይቀውም፣ ከትምህርት ቤት ወጥታ ማስቲካ ለምትመርጠው ሕፃንም ትነግራለች። ሁሉም «ኧረ!» ይላሉ። እሷም ሚዛኑን እያየች ፈገግ ትላለች። ውሸት የለበትም እኮ። ጎል አግብታለች፤ ያውም በመጨረሻዋ ደቂቃ። የትኛው ጎል ውስጥ እንደሆነ የጠየቃት ስለሌለ፣ ሳትጠየቅ የምትናገርበት ምክንያት አልታያትም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ሂክማ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የወረታ ሴቶች ቡድን በረኛ ሳለች።

ሜዳቸው የአያ ማረው ማሳ ነበር። አያ ማረው ሩዛቸውን ካጨዱ በኋላ ክረምት እስኪገባ ድረስ መሬቱን ለልጆቹ ይለቁላቸዋል። የፎገራ ጥቁር አፈር ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ልጆቹ ከሩዝ መፈልፈያው ገለባ በማዳበሪያ ተሸክመው ያመጡና ስንጥቁን ይሞላሉ፤ በተረፈው መስመር ያሰምራሉ። ነፋስ የነፈሰ ቀን ሜዳው ይሰፋል። ከብት ያለፈበት ቀን አንዱ ማዕዘን ተበልቶ ይገኛል። እስከ ዛሬ ድረስ የገለባ ሽታ በሱቁ በር ሽው ሲል ሂክማ ጉልበቷን ያሳክካታል፤ ሁልጊዜ የምትወድቀው በጉልበቷ ነበርና።

አሠልጣኛቸው ቲቸር መንግሥቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እንደሳቸው ያለ ጠንቃቃ ሰው ሂክማ አይታ አታውቅም። ጠብታ ዝናብ በሌለበት በየካቲት ጃንጥላ ይይዛሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው አራት ጊዜ እፍ ሳይሉ አይቀምሱም። በኳስም ያው ናቸው። ኳሷ ወደ ጎላቸው ከተጠጋች ትምህርታቸው አንዲት ቃል ናት፤ «ልጊው!»

ወዴት? ወደ ሩቅ። ለማን? ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር፤ ራሂማ እስክትጠይቅ ድረስ።

ራሂማ የሂክማ ጎረቤት ናት። አስም ስላለባት መሮጥ አትችልም፤ ከመስመሩ ዳር በተደፋ ጀሪካን ላይ ትቀመጣለች። ቲቸር «ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ ቁጠሪ» አሏትና በደብተሯ የጀርባ ገጾች ላይ መቁጠር ጀመረች። ስትቆጥር ደግሞ አትቀልድም።

«ቲቸር፣ ሂክማ ዘንድሮ ሃምሳ ጊዜ ለግታለች» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ጎበዝ ናት።»

«አርባ አንዷን የሰጠችው ለባላጋራ ነው። ከሰጠች በኋላ ደግሞ ሃያ ሳልቆጥር ኳሷ ተመልሳ እኛው ጎል ፊት ናት። ታዲያ መለጋቱ ምን ጠቀመን? ይዘናት ብንሄድ አይሻልም?»

«ብንነጠቅስ?»

«አሁንስ በፈቃዳችን እየሰጠናቸው አይደል?»

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ሂክማ ይህን ስታይ አፏን መያዝ አቃታት።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሚስት ሲያገቡም ተከላካይ አቁመው ነው እንዴ?»

«አዎ» አሉ ቲቸር፣ ፊታቸው ሳይፈታ፤ «አማቴን።»

ልጆቹ ሳቁ። ሂክማ ግን አልተወችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልምምድም በጨዋታም «ፈሪ ቲቸር፣ ፈሪ ቡድን» እያለች ታጉተመትም ነበር፤ እሳቸው እየሰሙ። እሷን ለቀቅ ቢያደርጓት ኖሮ እስከ ጎንደር ድረስ ኳስ ይዛ የምትሄድ ይመስላት ነበር።

ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ያሉት አራት ቡድኖች ናቸው፤ ወረታ፣ ሐሙሲት፣ አንበሳሜ፣ ወንዛዬ። የቀረው ከሐሙሲት ጋር ነው። ቢያሸንፉ አንደኛ ሆነው ለዞኑ ውድድር ደብረ ታቦር ይሄዳሉ። አቻ ቢወጡ ሁለተኛ ናቸው፤ ለሁለተኛው ደግሞ አዲስ ማሊያ ተዘጋጅቷል። ማሊያ ማለት ለነሱ ቀላል አልነበረም፤ የወንድሞቻቸውን ካናቴራ ለብሰው ነበር የሚጫወቱት። ቢሸነፉ ግን አንበሳሜ ይበልጣቸውና ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ሂክማ ከሁሉም የባሰ ጉዳይ ነበራት። አባቷ አቶ ጀላል በዋዜማው ጠርተው «ደብረ ታቦር ከደረሳችሁ ተጫወቺ፤ አልከለክልሽም» አሏት። «ካልደረሳችሁ ግን ኳሱ ይብቃሽ። የእናትሽ እግር እንደምታይው ነው፤ ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ስለዚህ ለሂክማ አቻም ሽንፈትም አንድ ነው። ማሊያው ቢመጣ የሚለብሰው ሌላ ሰው ነው።

ሐሙሲቶች በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ መጡ። ግማሽ ወረታ ሜዳው ዳር ተኮልኩሏል። አያ ማረውም ከጎኑ ላለው ሽንኩርታቸው ውኃ የሚስበውን ሞተር ሳያጠፉ መጥተው ቆመዋል። አንድ ለአንድ እንደሆኑ ከዕረፍት ሲመለሱ ቦዩ ሞልቶ ፈሰሰና ውኃው እየተሳበ ሂክማ እግር ሥር ደረሰ።

«አያ ማረው!» ብላ ጮኸች፤ «ውኃዎ ጎሌ ገባ!»

«ዝም በይ! ጨዋታው ይለቅ! ሽንኩርቱም ትንሽ ይጠጣ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎሏ ፊት ያለው አፈር ግን እየቦካ፣ እየቦካ ሄደ።

ሊያልቅ ሲል ወረታዎች ኮርና አገኙ። ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። የቄሱ ልጅ ሰብለ ወንጌል ልትመታ ኳሷን በገለባው ማዕዘን ላይ አስቀመጠች። ያኔ ነው ቲቸር ከራሂማ እጅ ደብተሩን የተቀበሉት። አንድ ገጽ አነበቡ። መለሱላት። ከዚያ ጃንጥላቸውን ይዘው በመስመሩ ዳር እስከ ሂክማ ጎል ድረስ ተራመዱ። ተራመዱ እንጂ አልሮጡም።

«ሂክማ፣ ሂጂ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፊት። ከሁሉም ረጅሟ አንቺ ነሽ። በግንባርሽ ግጪያት።»

ዓመቱን ሙሉ ፈሪ ስትላቸው የከረመችው ልጅ ሁለቱን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ዞራ አየቻቸው፤ እንደ ቤቷ በር።

«ጎሉስ?»

«ይቀመጣል።»

«ቲቸር... አቻም'ኮ ጥሩ ነው። ማሊያ አለ'ኮ!»

ቲቸር በጃንጥላው ጫፍ መሬቱን መቱ። «ሂጂ ብያለሁ!»

ራሂማ ከጀሪካኗ ተነሥታ «ሂጂ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!» ስትላት ነው እግሯ የተነቀለው። ሮጠች። ሐሙሲቶች በረኛዋ ስትመጣ አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰብለ መታች። ኳሷ ከፍ አለች፤ ፀሐይዋን ጋረደች፤ ወረደች። ሂክማ ዘለለች።

ዛሬም ሱቁ ጭር ሲል ዓይኗን ጨፍና የምትመለስባት ያቺ ቅጽበት ናት። ኳሷ ግንባሯን ስትነካት ሜዳው ሁሉ ፀጥ አለ፤ የሐሙሲት መዝሙርም፣ የልጆች ጩኸትም አልነበረም። የሚሰማው የአያ ማረው ሞተር ብቻ ነበር፤ ዱብ ዱብ ዱብ። ለአንዲት ትንፋሽ ደብረ ታቦር ነበረች።

ከዚያ ኳሷ አግዳሚውን መታችና ተመለሰች።

የሐሙሲቷ አጥቂ ባላት ኃይል ለጋቻት። ኳሷ መሐል ሜዳን አልፋ ወደ ባዶው ጎል ትንከባለል ጀመር። ሃያ ሁለቱም ከኋላዋ ሮጡ። ሂክማ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም፤ ሻሿ ከራሷ ወርዶ አንገቷ ላይ ቀረ። ኳሷ ጭቃው ውስጥ ገባች። ዘገየች። ከገለባው መስመር አንድ ስንዝር ሲቀራት ጭቃው ያዛትና ቆመች።

«ተመስገን! ያ ውኃ!» አሉ አያ ማረው።

ሂክማ ቀድማ ደረሰች። ከዳር ቲቸር፣ የድሮ ልማዳቸው አልለቅ ብሏቸው፣ «ልጊው!» ብለው ጮኹ። ልትለጋ እግሯን አነሳች። የቆመችበት እግር ሸሸ። ወደቀች፤ እንደ ሁልጊዜው በጉልበቷ፤ ጉልበቷም ኳሷን ስንዝር ገፋ አደረጋት።

ፊሽካው ሁለቴ ተነፋ። አንዱ ለጎሉ፣ አንዱ ለማለቂያው።

የሰደባት አልነበረም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር። አያ ማረው ሄደው ሞተሩን አጠፉ። ቲቸር ወደ ጭቃው ገብተው ከራሷ በላይ ጃንጥላቸውን ዘረጉላት፤ ዝናብ ሳይኖር፣ ማልቀሷን እስክትጨርስ። ሐሙሲቶቹ «ኑ፣ ውጡ» ብለው የወረታን ልጆች አይሱዙው ላይ ጫኗቸው። እስከ ከተማ ድረስ አብረው ዘፈኑ፤ ከመካከላቸው ማን እንዳሸነፈ በዘፈኑ አይታወቅም ነበር። አባቷ ሱቁ በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ውኃና ሳሙና አመጡላት። በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ሰጧት። እሷም ተቀበለች።

አሁን ሜዳው የለም። አያ ማረው በበጋም በመስኖ ይዘራሉ፤ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሰብለ ተድራ ሄደች። ራሂማ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ትማራለች። ቲቸር ተዛውረው፣ ይባስ ብሎ፣ የሐሙሲትን ቡድን ያሠለጥናሉ፤ ዝናቸውም ወረታ ድረስ ተሰምቷል። ኳስ አይለጉም አሉ፤ በረኛቸው ሳትቀር ታጠቃለች አሉ። «ደፋሩ መንግሥቴ» ተብለዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እኒሁ ደፋሩ መንግሥቴ፣ ያንኑ ጃንጥላ ይዘው፣ ሱቁ ገቡ። ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠየቁ። ሂክማ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ስለ ገለባው አወሩ፣ ስለ አያ ማረው ሞተር አወሩ፣ ስለ አማትየው ሳይቀር አወሩ። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የሷም እንደዚያው። ልባቸው መራራቱን ስታይ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ የኖረችውን ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ያን ቀን የደፈሩት ለኔ ብለው ነው አይደል? አባቴ ያለኝን ሰምተው? ከኳስ እንዳልቀር ብለው? ይኸው እርስዎን ደፋር ያደረግኩዎት እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

ቲቸር ስኳሩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«አባትሽ ምን እንዳለሽ ዛሬ ነው የሰማሁት» አሏት። «እኔ ያነበብኩት የራሂማን ደብተር ነው። በዓመቱ በቀጥታ ወደ ጎላችን ከተመቱት አሥራ ሦስት ኳሶች ያዳንሽው ሁለቱን ነበር። አንቺ ቆምሽም አልቆምሽም፣ ጎሉ ያው ባዶ ነው።»