በጨው የተበላው ቱቦ

ያንን ቱቦ እስክሞት እረግመዋለሁ፤ ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን።

ይሁን እባላለሁ፤ ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የቆሻሻ ማቃጠያ በያጅ ነኝ። ቆሻሻው ሲነድ በቦይለሩ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ አጠገባችን ላለው ቄራ ይሄዳል። ቱቦ በመዶሻ መታ ተደርጎ ይመረመራል፤ ጤነኛው ቅጭል ይላል፣ የተበላው ድም ብሎ ይቀራል። ቀዝቅዞ ካልሆነ ግን አይነካም። ይህንን ሕግ ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ባሺር ከነጋዴዎች የተበላሸ ቆዳ እየተቀበለ ያስቃጥላል። ቆዳው እንዳይበሰብስ በጨው የታሸ ነው። ጨው እሳት ውስጥ ሲገባ ብረቱን እንደ ምስጥ ይበላዋል። ተው ብዬ ስለምነው፣ "ብረት እኮ ነው፣ ስኳር መሰለህ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ለዐረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦዎቹን መታ መታ አደረግኩ። ከቦይለሩ የጎን በር አጠገብ ያለው ድም አለ። "ሳልቀይረው እንዳይለኮስ" አልኩ። ባሺር ግን ቄራው ለበዓሉ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል ብሎ አስለኮሰው።

እኩለ ቀን ላይ ደሜ ፈላ። ኮሌታውን አንቄ ወደ ጎን በሩ ጎተትኩት። በጥፊ አጮለኝ፤ እኔም አፍንጫውን በቡጢ አደማሁት። "አላመንክም አይደል? በጆሮህ ስማው!" ብዬ በሩን በርግጄ መዶሻዬን አነሳሁ።

እሳት አንዳጁ ሺሬ እየሮጠ መጣ። "ወላል፣ ወንድሜ፣ ተው! ትኩስ ነው!" እያለ ባሺርን ገፍትሮ መሃል ገባ። እጄን ሊይዝ ተንጠራራ፤ መዶሻው ቀደመው። ቱቦው እንደ ወረቀት ተቀደደ። እንፋሎቱ የሺሬን ፊትና ደረት ገሸለጠው። ሸሚዙን ላወልቅለት ስስብ ቆዳው አብሮ መጣ። እየጮኸ መኪና ላይ ጫንነው፤ ሆስፒታል ሳንደርስ ጩኸቱ ቆመ። ቱቦው ተበልቷል ያልኩት እውነት ሆነ። ምን ሊረባኝ!

ባሺር ሲገፈተር በግንባሩ ስለወደቀ መዶሻው ሲያርፍ አላየም። ሺሬ እጄን ይዞ ያስቀረኝ፣ ቱቦውም በራሱ የፈነዳ ነው የመሰለው። ለቅሶ ቤት፣ በሺሬ ሚስት በዑባህ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ይሁን አስጠንቅቆኝ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ" አለ።

ዑባህ ወደኔ ዞረች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ሺሬ ሁልጊዜ ስምህን ያነሳ ነበር፤ ትኩስ ቱቦ እንዳልነካ ያስተማረኝ ይሁን ነው ይለኝ ነበር። አላህ ይክፈልህ፣ ወንድሜ።"

"አሜን" አልኩ።